አልካፈል ያለው ቁጥር

አንድ ነገር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር የሚለወጠው ስሙ ብቻ አይደለም፤ የታየበትም ጎን አብሮ ይለወጣል። ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ለሌላ ለማንም እኩል የማይካፈለውን ቁጥር የጥንት ግሪኮች «ፊተኛ» አሉት። ላቲኑም ሆነ ከላቲን የወረሱት የአውሮፓ ቋንቋዎች ይህንኑ ትርጉም ይዘው ቀጠሉ። ዐረብኛም «አወሊ» ሲለው ያንኑ ቀዳሚነቱን ማመልከቱ ነው። የአማርኛ የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ግን ሌላ ጎኑን አዩና «ብቸኛ ቁጥር» ብለው ሰየሙት። ዳሬ ሰላም የከተመ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ደግሞ የልጁን የስዋሂሊ የሒሳብ መጽሐፍ ቢገልጥ «ናምባ ታሳ» የሚል ስም ያገኛል። «ታሳ» ማለት መካን ማለት ነው።

ፊተኛ፣ ብቸኛ፣ መካን። ሦስት ስሞች ለአንድ ነገር ተሰጡ፤ ሦስቱም ግን ስለ ሦስት የተለያዩ ሰዎች የተነገሩ ይመስላሉ። ከእነዚህ የትኛው ለባለቤቱ ይበልጥ እንደሚስማማ ለመመርመር፣ ከብቸኛ ቁጥሮች መካከል አንዱን መርጦ የሕይወት ታሪኩን ከሥር መሠረቱ መከተል ሳይሻል አይቀርም። ለዚህ የሚመረጠው 39 አኃዞች ያሉት ቁጥር ነው፤ እንዲህም ይጻፋል፦ 170141183460469231731687303715884105727።

ነገሩ የሚጀምረው ከማካፈል ነው። አሥራ ሁለት ብርቱካን ይዞ ወደ ቤቱ የገባ አባት ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለስድስት ልጆች ያለ ጭቅጭቅ ሊያድል ይችላል። አንድ ብርቱካን ተጨምሮ አሥራ ሦስት ሲሆን ግን መዘዝ ይመጣል። ወይ አንዱ ጠቅልሎ ይወስደዋል፣ ወይ ለአሥራ ሦስት ሰዎች አንዳንድ ይደርሳቸዋል እንጂ ቢላዋ ሳይነሣ ሌላ መንገድ የለም። 12 ሲበተን 2 በ2 በ3 ሆኖ ይገኛል፤ 13 ግን አይበተንም። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር እንዲህ እየተበተነ ሲወርድ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ የሚበተንበትም መንገድ አንድ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ግሪኮች አልተሳሳቱም፤ ከቤቱ ድንጋዩ ይቀድማልና። ከ2300 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ኤውክሊድም እነዚህ ድንጋዮች ማለቂያ እንደሌላቸው አረጋግጧል።

የተመረጠው ቁጥር እንዴት እንደተሠራ ለመረዳት የታወቀውን የሰንጠረዥ ተረት ማስታወስ ይበቃል። ብልሁ ሰው ንጉሡን ሽልማት ሲጠይቅ በመጀመሪያው ቤት አንድ ቅንጣት እህል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲህ እየታጠፈ እስከ መጨረሻው ቤት እንዲሰፈርለት ነበር የለመነው። ሰንጠረዡ 64 ሳይሆን 127 ቤቶች ቢኖሩትና የሚሰፈረው ጤፍ ቢሆን፣ የቅንጣቶቹ ድምር ልክ ያ ባለ 39 አኃዝ ቁጥር ይሆናል። በሒሳብ አጻጻፍ 2¹²⁷ − 1 ይባላል፤ 127 ሁለቶችን ደርድሮ ማባዛትና ከውጤቱ ላይ 1 መቀነስ ማለት ነው። አንዲት የጤፍ ቅንጣት የአንድ ሚሊግራም ሲሶ ያህል ትመዝናለች ቢባል እንኳ ክምሩ ከፀሐይ ከ20 እጥፍ በላይ ይከብዳል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህ ሁሉ ክምር በእርግጥ ለማንም እኩል አይካፈልም? ቀጥተኛው መንገድ አካፋዮችን አንድ በአንድ መሞከር ነው። ነገር ግን በሰከንድ አንድ አካፋይ የሚሞክር፣ እንቅልፍ የማያውቅ ትጉህ ሰው፣ በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን እስከሚያህለው አካፋይ ድረስ ለመዝለቅ 400 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ ያስፈልጉታል። ሥነ ፍጥረት ከጀመረ ደግሞ በሳይንቲስቶች ስሌት 14 ቢሊዮን ዓመት እንኳ አልሞላም። በጉልበት የማይደረስበት ነገር መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልሱ ይታወቃል፤ ኤሌክትሪክ ገና ቤት ባልገባበት ዘመን፣ በእጅና በወረቀት።

* * *

ታሪኩ ከአንድ መነኩሴ ይነሣል። ማሬን መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ ፓሪስ በሚገኝ ገዳም ተቀምጦ ከዴካርትና ከፌርማ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ የነበረ፣ የዘመኑ ሊቃውንት ዜና በእጁ የሚያልፍ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እነዚህ ከእጥፍ አንድ ስለጎደላቸው ቁጥሮች ሲናገር፣ ርቢው እስከ 257 ድረስ ሲሄድ ብቸኛ ቁጥር የሚወጣው በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ13፣ በ17፣ በ19፣ በ31፣ በ67፣ በ127 እና በ257 ብቻ ነው ሲል ዝርዝር አስቀመጠ። እንዴት እንደደረሰበት ግን አላብራራም። ዝርዝሩ ከሊቅ አፍ የወጣ ነውና ትውልድ ከትውልድ ተቀባበለው። ማረጋገጥም ሆነ ማፍረስ የሚችል ስላልነበረ ማመን ቀላል ነበር።

የመጀመሪያውን ከባድ ፈተና ያለፈው ኦይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 የ31ኛው ርቢ ውጤት የሆነው 2147483647 በእርግጥ ብቸኛ መሆኑን አስታወቀ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ስለዚህ ቁጥር ሲጽፍ፣ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ለማወቅ ጉጉት እንጂ ለጥቅም የማይውሉ ስለሆኑ ከዚህ የሚበልጥ ለመፈለግ የሚደክም ሰው እንደማይኖር ተነበየ። ባርሎው በሁለቱም ነገር ተሳስቷል፤ አንዱ ስሕተቱ ከ65 ዓመታት በኋላ፣ ሌላው ደግሞ እጅግ ዘግይቶ ታወቀ።

ኤድዋር ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1842 በአሚየን ከተማ ተወለደ። ፈረንሳይና ፕሩሲያ በተዋጉበት ጊዜ የመድፈኛ መኮንን ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆኖ ኖረ። ጨዋታ ይወዳል። በሦስት ዘንጎች ላይ ዲስኮችን አንድ በአንድ እያዘዋወሩ የሚጫወቱትን «የሐኖይ ግንብ» የተባለ መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1883 ለገበያ ያበቃው እርሱ ነው። ግንቡ 127 ዲስኮች ቢኖሩት ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ለማሻገር የሚያስፈልገው ትንሹ የእንቅስቃሴ ብዛት ያ የኛው ባለ 39 አኃዝ ቁጥር ይሆናል። ሉካስ በዚህ ቁጥር ዙሪያ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሉካስ ያገኘው መንገድ ቁጥሩን ሳይበትኑ፣ አካፋዮቹንም ሳይፈልጉ፣ ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ብቻ የሚለይ ነው። የመንገዱ ምስጢር ቀሪ ነው። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ደግሞ ለቀሪ ሒሳብ እንግዳ አይደለም። የ2017 ዓ.ም.ን አጽዋማትና በዓላት ለማውጣት የተቀመጠ ደብተራ 5500 ላይ 2017 ደምሮ 7517 ዓመተ ዓለም ያገኛል፤ ይህን በ19 ሲገድፈው 12 ይተርፈዋል፤ አንድ ቀንሶ 11 ወንበር ይላል። 11 በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ተገድፎ አበቅቴው 1 ይሆናል። 11 በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ተገድፎ መጥቅዑ 29 ይሆናል። ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሰባት ዓመታት በጥቂት መስመር ተገድፈው በአንዲት ጣት የሚቆጠሩ ሆኑ ማለት ነው። ትልቁን ነገር ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም፤ የሚፈለገውን የሚናገረው ቀሪው ነው።

የሉካስ ፈተናም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1930 ባቃለለው መልክ ሲነገር ለትጉህ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። ርቢው ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር እስከሆነ ድረስ ከ4 ይነሣል። የተያዘውን ቁጥር በራሱ ማባዛት፣ 2 መቀነስ፣ ውጤቱን በሚመረመረው ቁጥር መግደፍ፣ ቀሪውን ይዞ እንደገና እንዲሁ ማድረግ። ይህ ከርቢው በ2 ያነሰ ጊዜ ይደገማል። በመጨረሻ የሚገኘው ቀሪ 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ 0 ካልሆነ አይደለም።

በ31 መሞከር ይቻላል። ርቢው 5 ስለሆነ ሥራው ሦስት ጊዜ ይደገማል። 4 በ4፣ ሲቀነስ 2፣ 14 ነው። 14 በ14፣ ሲቀነስ 2፣ 194 ነው፤ በ31 ሲገደፍ 8 ይቀራል። 8 በ8፣ ሲቀነስ 2፣ 62 ነው፤ በ31 ሲገደፍ ምንም አይቀርም። ስለዚህ 31 ብቸኛ ነው። ርቢው 7 ለሆነው ለ127 ቀሪዎቹ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ በመጨረሻም 0 እየሆኑ ይመጣሉ። ርቢው 11 ለሆነው ለ2047 ግን ዘጠኙ እርምጃ ተጠናቆ የሚቀረው 1736 ነው። 2047 ብቸኛ አይደለም፤ 23 በ89 ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። 1736 የሚለው ቀሪ ስለ 23ም ሆነ ስለ 89 አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «ይህ ቁጥር ይካፈላል» አለ እንጂ «ለማን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አልሰጠም። ይህ ዝምታ በኋላ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ይመለሳል።

ለባለ 39 አኃዙ ቁጥር የሚያስፈልጉት እርምጃዎች 125 ናቸው። ከ400 ቢሊዮን ዓመታት ወደ 125 እርምጃ መውረድ ማለት ይህ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ግን ባለ 39 አኃዝ ቁጥርን በራሱ ማባዛትና መግደፍን ይጠይቃል። ሉካስ ሥራውን ለማቃለል በሁለት እጥፍ አቆጣጠር፣ 127 በ127 ቤት ባለው ሰንጠረዥ ላይ ወደሚካሄድ ጨዋታ ለወጠው። እያንዳንዱ ቤት ከፊተኛው እጥፍ ስለሚያወጣ በአንድ ቤት ሁለት ጠጠር ሲገናኝ ተነሥቶ በቀጣዩ ቤት አንድ ጠጠር ይሆናል። ከ127ኛው ቤት አልፎ የሚወጣ ጠጠር ደግሞ እንደ ገበጣ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ቤት ይገባል፤ በዚህ ቁጥር መግደፍ ማለት ከዚህ ዙረት ሌላ አይደለምና። ያ ሁሉ የማካፈል መከራ በጠጠር መዞር ተተካ።

በዚህ መንገድ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 የ127ቱ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ጊዜ ፈተናው በመርሴን ዝርዝር ውስጥ ያለው የ67ቱ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ። ከ232 ዓመታት በኋላ የሊቁ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰነጠቀ።

* * *

ይሁንና የሉካስ ውጤት ራሱ ዕረፍት የሚሰጥ አልነበረም። ሙሉ ስሌቱን አላሳተመም፤ አንባቢው የሉካስን ቃል እንዲያምን ተጠየቀ እንጂ እርምጃዎቹን አብሮ እንዲራመድ አልተጋበዘም። ከመርሴን ቃል ወደ ሉካስ ቃል መሸጋገር ከአንድ እምነት ወደ ሌላ እምነት መሸጋገር ብቻ እንዳይሆን ያሰጋል። ፎከንቤርግ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ሥራውን እንደገና ሠርቶ የ127ቱን ቁጥር ብቸኝነት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው።

ሉካስ ይህን ለማየት አልታደለም። እ.ኤ.አ. በ1891 በአንድ የግብዣ ማዕድ ላይ አስተናጋጅ የያዘው ሸክላ ሳሕን ወድቆ ሲሰበር ስባሪው ጉንጩን ቆረጠው፤ ቁስሉ አመርቅዞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 49 ነበር። ለማንም አልካፈል ያለውን ቁጥር የጨበጠ ሰው በተሰባበረ ሳሕን ሞተ ማለት ለተረት የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን ተረት አይደለም፤ እንዲህ ነው የሞተው።

ሁለተኛው ክፍል የሚፈጸመው በኒው ዮርክ ነው። ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1903 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ጉባኤ ላይ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ስሙ ተጠራ። ታሪኩን በኋላ የጻፉት እንደሚተርኩት ኮል አንዲት ቃል ሳይናገር ወደ ሰሌዳው ሄደ። በአንደኛው ወገን 2ን 67 ጊዜ እያባዛ ሄዶ 1 ቀነሰና 147573952589676412927 ብሎ ጻፈ። በሌላው ወገን 193707721 ብሎ ከጎኑ 761838257287 አስቀመጠና በእጁ ያባዛቸው ጀመር። ብዜቱ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር አኃዝ በአኃዝ ገጠመ። ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበለት ይባላል። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠየቅም የሦስት ዓመት እሑዶች ብሎ መለሰ ይላሉ።

ሉካስ ሌባው ቤት ውስጥ መኖሩን አውቆ ነበር፤ ኮል ግን እጁን ይዞ ወደ አደባባይ አወጣው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእውነት ልዩነት አይደለም፤ ሁለቱም የተናገሩት ያንኑ እውነት ነው። ልዩነቱ የምስክር ነው። የኮል ምስክሮች ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ማባዛት የሚችል የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢመደብለት ሊመረምራቸው ይችላል። የኮልን ማዕረግ ማወቅ፣ ኮልን ማመን፣ ኮልን መውደድ አያስፈልግም። ሦስት ዓመት የፈጀው ፍለጋ ሲሆን ማረጋገጡ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ብቸኛ ቁጥር ግን እንዲህ ያለ ቀላል ምስክር የለውም። «አካፋይ አለው» የሚል ሰው አካፋዩን ያሳያል፤ «አካፋይ የለውም» የሚል ሰው ምን ያሳይ? የሌለ ነገር አይታይምና 125ቱን እርምጃዎች ከማስቆጠር በቀር ምርጫ የለውም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። የመርሴን ዝርዝር ታሪክ ይህን ብሂል የሚያጸና ይመስላል፤ በጥቂቱ ግን ያርመዋል። ዝርዝሩ ከ1644 እስከ 1876 አደረ፤ ነገር ግን በማደሩ ብቻ አልጠራም። እንዲያውም እያደር ክብር እየተጨመረለት ሄደ። ንጋት ሰው ሳይደክምለት ይመጣል፤ እውነት ግን የሰው እሑዶችን ይፈልጋል። በሩሲያ ገጠር ያገለግል የነበረው ቄስ ኢቫን ፔርቩሺን እ.ኤ.አ. በ1883 መርሴን የዘለለው የ61ኛው ርቢ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አሳየ። የ89ኛውና የ107ኛው ተራም እ.ኤ.አ. በ1911 እና በ1914 ደረሰ። የ257ቱም ብቸኛ አለመሆኑ ታወቀ። እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ድረስ ዝርዝሩ በሙሉ ተመርምሮ ሲያበቃ ሁለት የተሳሳቱ፣ ሦስት የተረሱ ተገኙበት። ሦስት መቶ ሦስት ዓመታት፣ አምስት ስሕተቶች። መርሴንን መውቀስ ግን አይገባም፤ ባይሳሳት ኖሮ ማንም ተነሥቶ ባልፈተነው ነበር። የሚያሳስበው እርሱ መሳሳቱ አይደለም፤ ሌሎች ለመፈተን ያን ያህል መዘግየታቸው ነው።

* * *

አሁን ወደ ሦስቱ ስሞች መመለስ ይቻላል። «መካን» የሚለው የስዋሂሊው ስም ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝን ነው፤ ደግሞም ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክር።

የቀሪ ሒሳብን እንደ አንድ ዓለም ብንቆጥረው፣ ባሕረ ሐሳብ ሁለት ዓለማትን ያውቃል፤ የ30ንና የ19ን። በ30 ዓለም ውስጥ 5 በ6 ቢባዛ 30 ይሆንና ሲገደፍ ይጠፋል፤ ሁለት ነገሮች ተጋብተው ምንም ወለዱ ማለት ነው። በ19 ዓለም ውስጥ ግን ይህ ከቶ አይሆንም፤ 19 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ዜሮ ያልሆኑ ሁለት ቀሪዎች ተባዝተው ፈጽሞ አይጠፉም። ከዚህም በላይ ለእያንዳንዱ ቀሪ ተባዝቶ 1 የሚያደርገው ጓደኛ አለው። 2 ከ10 ጋር ይገጥማል፤ 20 በ19 ተገድፎ 1 ነውና። ስለዚህ በዚያ ዓለም ማንኛውንም ቀሪ ዜሮ ላልሆነ ለማንኛውም ቀሪ ማካፈል ይቻላል፤ ትራፊም አይተርፍም። እንግዳ ነገር ነው፦ ራሱ አልካፈል ያለው ቁጥር በጥላው ሥር ላሉት ሁሉ ማካፈልን ፈቀደላቸው።

ባርሎው ጥቅም የላቸውም ያለው ሁለተኛው ስሕተት የታየው በዚህ ነው። አንዱ ዘመድ አዲስ አበባ፣ ሌላው ናይሮቢ ወይም ጁባ ሆነው በስልካቸው ሲጻጻፉ ጽሑፉ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚታተመው በእንዲህ ዓይነት የቀሪ ዓለም ውስጥ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋትሳፕ ላይ የሚተላለፍ መልእክት ሁሉ የሚቆለፍበት ቁልፍ የሚሰላው 2²⁵⁵ − 19 በተባለ ባለ 77 አኃዝ ብቸኛ ቁጥር እየተገደፈ ነው። እናት ልጇን «ደረስክ ወይ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ልጁም «ደረስኩ» ሲላት፣ ያ ለማንም የማይካፈል ቁጥር በመካከላቸው ቆሞ ምስጢራቸውን ይጠብቃል። ስሙን ሁለቱም አያውቁትም።

ባለ 39 አኃዙ የሉካስ ቁጥርም ቢሆን ከልጅ አልራቀም። ኤውክሊድ ያስተማረውን መንገድ ተከትሎ በ2¹²⁶ ቢባዛ ባለ 77 አኃዝ «ፍጹም» ቁጥር ይወልዳል፤ 6 ከአካፋዮቹ ከ1፣ ከ2 እና ከ3 ድምር ጋር እኩል እንደሚሆን ሁሉ ይህም ከራሱ በቀር አካፋዮቹ ሁሉ ሲደመሩ ራሱን የሚያህል ነው። ቁጥሩ ለ75 ዓመታት ያህል ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ነገሠ። እ.ኤ.አ. በ1951 ፌሪየ የተባለ ፈረንሳዊ በእጅ በሚሽከረከር የሒሳብ መኪና ባለ 44 አኃዝ ብቸኛ ቁጥር አግኝቶ ከዙፋኑ ሲያወርደው፣ በዚያው ዓመት ሚለርና ዊለር የተባሉ ሰዎች በካምብሪጅ ኮምፒዩተር ባለ 79 አኃዝ አገኙ። ይህ የመጨረሻው የተሠራው የሉካስን ቁጥር በራሱ በማባዛት፣ በ180 በማብዛትና 1 በመጨመር ነው። አዲሱ ንጉሥ ከሽማግሌው ንጉሥ ወገብ የወጣ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሩጫው የመኪና ሆነ። እ.ኤ.አ. በጥር 1952 ራፋኤል ሮቢንሰን የጻፈው ፕሮግራም በአንድ ሌሊት ሁለት አዳዲስ ቁጥሮች አወጣ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በመላው ዓለም ያሉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮቻቸውን በጋራ ያሠራሉ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከእነዚሁ መካከል ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ 41024320 አኃዞች ያሉት ብቸኛ ቁጥር አገኘ፤ ርቢው 136279841 ነው። ይህንንም ቢሆን ያጸደቀው ያው የሉካስ ፈተና ነው፦ ከ4 መነሣት፣ በራስ ማባዛት፣ 2 መቀነስ፣ መግደፍ። መኪናው ተለዋወጠ፤ ሥራው አልተለወጠም።

የመጨረሻው የቁጥራችን ጠባይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። 2 ብቸኛ ቁጥር ነው። ሁለትን 2 ጊዜ አባዝቶ 1 ሲቀነስ 3 ይሆናል፤ 3ም ብቸኛ ነው። ሁለትን 3 ጊዜ አባዝቶ 1 ሲቀነስ 7 ይሆናል፤ እርሱም ብቸኛ ነው። በ7 ሲደረግ 127፣ እርሱም ብቸኛ። በ127 ሲደረግ የሉካስ ቁጥር ይመጣል፤ እርሱም ብቸኛ። ከአባት ወደ ልጅ አምስት ትውልድ፣ አንድም ሳይበተን። ቤልጂጋዊው ካታላን ሉካስ ውጤቱን ባስታወቀበት በ1876 እ.ኤ.አ. ይህን የትውልድ ሐረግ አስተውሎት ነበር።

ስድስተኛው ትውልድስ? ሁለትን በባለ 39 አኃዙ ቁጥር ልክ ደርድሮ ማባዛትና 1 መቀነስ ነው። የሚገኘው ቁጥር የአኃዞቹ ብዛት ብቻ ሲቆጠር ባለ 38 አኃዝ ይሆናል፤ ቁጥሩ ራሱ ሊጻፍ አይችልም፤ የምድር ወረቀት ሁሉ አይበቃውም። የሉካስ ፈተና እዚህ ላይ ይቆማል፤ እርምጃዎቹ የጤፉን ክምር ያህላሉና የትኛውም ኮምፒዩተር አይጨርሳቸውም። አንድ ተስፋ ብቻ አለ፦ ከኮል ወገን የሆነ ሰው እድል ቀንቶት አንድ ትንሽ አካፋይ ቢያገኝ፣ ሰሌዳ ላይ ሊጽፈውና ዝም ብሎ ወደ ወንበሩ ሊመለስ ይችላል። ሰዎች ፈልገዋል፤ እስካሁን አልተገኘም። ባይገኝ ደግሞ ብቸኛ መሆኑ ታወቀ ማለት አይደለም።

ስለዚህ መካን የተባለው ቁጥር ልጅ እንዳለው የታወቀ ነው፤ የልጁ ጠባይ ግን አይታወቅም። ፊተኛ ነው፤ ሌሎች የተሠሩት ከእርሱ ነውና። ብቸኛም ነው፤ ለማንም አይካፈልምና። ሆኖም ከመነኩሴው ዝርዝር እስከ መምህሩ ጠጠር፣ ከመምህሩ ጠጠር እስከ ፎከንቤርግ ዳግም ስሌት ድረስ ይህን ብቸኛ ቁጥር ብቻውን የተወው ትውልድ የለም።